የአብተው አርባ ቀን

አብተው በናዝሬት ከተማ ስሙ የታወቀ አራጅ ነበር። ቄራ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። በበዓል ሰሞንማ ቅርጫ የሚገቡት ሰፈርተኞች በሬውን ገዝተው፣ አስረው፣ እሱን ቆመው ይጠብቃሉ፤ አብተው ካልመጣ ቢላ የሚያነሳ የለም። በስመ አብ ብሎ ሲጀምር እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ ቆዳ አይበሳም፣ ሐሞት አያፈስም። ሰው ከማን እጅ እንደሚበላ ጠንቅቆ ያውቃልና እንዲህ ያለ መታመን በአንድ ቀን አይገኝም። የሚጠፋው ግን በአንድ ቀን ነው፤ ይህንንም አብተው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

አሳማ የማረዱ ነገር የመጣው በ1972 ዓ.ም. ከራሻዎቹ ጋር ነው። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ራሻ አልነበሩም፤ ቡልጋሩም፣ ቼኩም፣ ጀርመኑም ነበረበት። ናዝሬት ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ አትገባም፤ ነጭ ከሆነና ካልሳቀ ራሻ ነው። የወዳጅ አገር ባለሙያዎች ተብለው ከከተማው ወጣ ብሎ ካምፕ ተሠራላቸው፤ ካምፑም አሳማ ፈለገ። ቄራው ደግሞ አሳማ በደጄ አያልፍም አለ። የእስላሙም የክርስቲያኑም ከብት በየክፍሉ በሚታረድበት ግቢ አሳማ ገባ ቢባል፣ ከተማው በማግስቱ ሥጋ መብላት ያቆም ነበር። ስለዚህ በወንጂ መንገድ ዳር፣ ፈዬራ የሚባል ገበሬ ጓሮ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር እንዲታረድ ተወሰነ። ደብዳቤ የለው፣ ደንብ የለው። አንድ የበላይ ጓድ አብተውን አስጠርቶ፣ "እጅህ ጥሩ ነው ይሉሃል፤ ተባበር" አለው፣ አለቀ። በዚያ ዘመን እምቢ ያለ ሰው ለምን እምቢ እንዳለ በጽሑፍ አስረዳ ይባላል፤ አብተው ደግሞ ጽሑፍ ላይ ደካማ ነበር።

ፈዬራ አሳማዎቹን ያረባል እንጂ አይበላም። ሲጠይቁት "ጤፍ ነጋዴ ሁሉ ጤፉን ይጨርሰዋል እንዴ?" ይላል። አሳማዎቹም በረት የሚባል ነገር አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ከሰፈሩ ጀርባ ካለው ሜዳ ይውላሉ፤ ያ ሜዳ ሽንት ቤት የሌለው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣበት ነው። አሳማው እዚያ ምን እየበላ እንደሚወፍር የሚያጣው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ፊቱን አዙሮ ያልፋል እንጂ።

አብተው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ለሚስቱ ለአሰለፈች "የትርፍ ሰዓት ሥራ አለብኝ" እያለ ይሄዳል። ቄራ ውስጥ ሲሚንቶ ወለል፣ ቧንቧ፣ መስቀያ ብረት አለ። ፈዬራ ጓሮ ያለው አንድ ቆርቆሮ፣ ጠጉሩን ለመፋቅ ውሃ የሚፈላበት ግማሽ በርሜል፣ ሁለት ሦስት ጆንያና የሰፈር ውሻ ነው። ሆድቃው እዚያው ይደፋል፤ ሥጋው ከመስኖው ቦይ በተቀዳ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው ገና ሥጋው ሳይታጠብበትም ቀይ ነው። አብተው ቢላውን ለየብቻ አድርጓል። የአሳማው ቢላ ፈዬራ ጎተራ ውስጥ ተሸጉጦ ያድራል፣ የበሬው እቤት። በዚህ ኅሊናውን አስተኛ።

ሥጋ መርማሪ መኖሩ አልቀረም። የቄራው ገሠሠ ነው ታዞ የመጣው። ገሠሠ በሬ ላይ ሲሆን ምላስ ይሰነጥቃል፣ መንጋጋ ይቀዳል፣ ልብ ይከፍታል፤ በሥጋው መሐል እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየ ያንን ሥጋ አያሳልፍም። አሳማው ዘንድ ግን መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከአጥሩ ማዶ ቆመ።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ጠጋ ብለህ እየው እንጂ" አለው አብተው።

"እኔ? ዛሬ ዓርብ'ኮ ነው!" አለ ገሠሠ። "ረቡዕም ቢሆን አልጠጋም። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት አይተኸኛል፤ አንተው እየው።" ማኅተሙን ከነቀለሙ በአጥሩ ላይ አቀበለውና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ከቢላው ጋር ጎተራው ውስጥ ኖረ።

አብተውም አየ፤ አላየም አይባልም። አንድ ሁለት ጊዜ ትከሻው ውስጥ፣ ምላሱ ሥር እነዚያን ነጫጭ ፍሬዎች አግኝቷል። ያገኘባትን ቁራጭ ቆርጦ ለውሻ ጣለ፣ የቀረው ላይ ማኅተሙን መታ። ራሻ ነው የሚበላው፣ እኔ ምን አገባኝ አለ በሆዱ። ይህን ያለው ገና እሱም ሳይበላ ነው።

የበላው በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ብርዳም የጥቅምት ማለዳ ላይ ነው። አራጅ ቅምሻው አይከለከልም፤ ይህ በየትም አገር ያለ ደንብ ይመስለዋል። ሥጋውን ሊወስድ የመጣው የካምፑ ወጥ ቤት ከጎድኑ መትሮ ፍም ላይ ጣል አደረገለት። አብተው ደግሞ ጥሬ ሥጋ ወዳድ ነው፤ ሥጋ ሲያር አይወድም። ሞቅ እንዳለ፣ መሐሉ ገና ቀይ እንደሆነ አነሳው። ከበላው በኋላም ሰማዩ አልተደረመሰም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሳይቀምስ የተመለሰበት ቀን ጥቂት ነው።

"አንተ ሰው" አለው ፈዬራ አንድ ቀን፣ አፉን ሲጠርግ አይቶት። "እጅህን ብቻ ያከራየሃቸው መስሎኝ ነበር። ሆድህንም ጨመርክላቸው እንዴ?"

"ዝም በል እባክህ።"

"እኔማ ዝም ነኝ። ዋቃ ግን ያያል" አለና ፈዬራ ወደ አሳማዎቹ ሄደ።

አብተው በየሁለት ወሩ እንደማንኛውም ሰው ኮሶውን ይጠጣል። ኮሶ መጠጣት ነውር አይደለም፤ ኮሶ የሌለበት ሥጋ በል ማን አለ? ኮሶ የጠጣ ቀን ከሥራ ይቀራል፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ከግቢው ጥግ ወዳለችው ሽንት ቤት ሲመላለስ ይውላል። ሲያሽረው ደግሞ ያለወትሮው ይርበዋል። ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በወር አንድ ነው የሚደርሳቸው፤ እሱም ለልብስ ነው።

አብተውና አሰለፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ወርቄ ትባላለች። ከስድስት ዓመት ልመና በኋላ ለቁልቢ ተስለው ያገኟት ናት። በ1975 ዓ.ም. ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል። አባቷ ጽሑፍ ላይ የደከመውን ያህል እሷ ጎበዝ ናት፤ የቀበሌው ሰው ማመልከቻ ሲኖረው ወርቄን ጥሩልኝ ይላል። አብተው ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ቄራ ያሉት ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ "ዛሬስ ስንት አመጣች?" እያሉ ሆን ብለው ያስለፈልፉታል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሰኞ ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ባንዲራ ሲሰቀል ወርቄ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጇና እግሯ ተንፈራገጠ። ተማሪው ሸሸ፤ አንድ ዘበኛ ሮጦ መጥቶ ክብሪት ጭሮ አስሸተታት። በሸክም እቤት ሲያመጧት ሰፈሩ ግቢ ውስጥ ሞላ። አንዷ ጋኔን ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው አለች፣ ሦስተኛዋ ምንም ሳትል ልጇን ይዛ ከግቢው ወጣች። አሰለፈችን ከሁሉም ያቃጠላት ይህችኛዋ ናት። በወሩ ውስጥ ወርቄ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ራሷን ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል። ሰኔ ሲጋመስ ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ ዶክተር ጉተማ ይባላል፤ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው አይደለም። የወርቄን ክንድ በጣቱ ሲዳስስ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከቆዳዋ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር አለች። ጀርባዋ ላይ ሌላ አገኘ። ራጅ አስነሳት። በሁለተኛው ቀን ራጁን መስኮቱ ላይ አንስቶ ለአባትና ለእናት አሳያቸው።

"ይህ የጭኗ ሥጋ ነው። እነዚህን ነጫጭ ነገሮች አያችኋቸው? ሩዝ የተበተነ ይመስላል።"

አብተው አየ። አስተማሪ አላስፈለገውም። እነዚህን ፍሬዎች በገዛ ቢላው ቆርጦ ለውሻ ሲጥል ነው የኖረው። ግድግዳውን ተደገፈ።

"ይህን በሽታ በተማርኩበት አገር አይቼዋለሁ" አለ ዶክተር ጉተማ። "ከአሳማ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን ለማመን ቸገረኝ። ስለዚህ ልጠይቃችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ። እቤታችሁ አሳማ የሚበላ ሰው አለ? እሷ ባትሆንም፣ ከእናንተ ጋር የሚውል፣ የሚያድር ሰው?"

አሰለፈች ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ምን በደልንዎ ዶክተር? እኛ የማርያም ጽዋ የምንጠጣ ሰዎች ነን! ልጄ አልጋ ላይ ወድቃ አሳማ ይሉኛል?"

"ሠራተኛም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን እማማ..."

"የለም አልኩ! ቤቴን አያርክሱብኝ።"

ሐኪሙ ወደ አብተው ዞረ። "እርስዎስ አባባ? የሚያውቁት ነገር የለም?"

አብተው አፉን ከፈተ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። በሩ ላይ የቆመችው ነርስ የእድራቸው አባል ናት። አንድ ቃል ቢወጣው ያቺ ቃል ከምሳ በፊት ቄራ ትደርሳለች። ከእንግዲህ በናዝሬት ማን በእሱ ቢላ የታረደ ይበላል? ደግሞ ወርቄ አልበላች! እሷ በሕይወቷ አሳማ በሩቅ እንጂ በቅርብ አይታ አታውቅም። የበላሁት እኔ፣ የታመመችው እሷ፤ ታዲያ ምን አገናኘው? ይህን ሁሉ ያሰበው ሐኪሙ ዓይኑን ሳይነቅል እየጠበቀው ነው።

"እሷ እንዳለችው ነው" አለ አብተው።

ዶክተር ጉተማ ራጁን ከመስኮቱ አወረደ። "እንግዲያው እኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። የራስ ቲቢ ነው ብዬ መርፌ ላስጀምራት፤ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም። መጣሉን የሚያስታግስ ክኒንም እሰጣታለሁ። የሚያስታውሱት ነገር ካለ ግን በማንኛውም ሰዓት ይምጡ።" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ብሂል አብተው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። የሰው በሽታ የደበቀስ? እሱን የነገረው አልነበረም።

በሳምንቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ወንጌል ሲነበብ ሰማ። የተነበበው አጋንንቱ ከሰዎቹ ወጥተው ወደ እሪያዎቹ መንጋ የገቡበት ነው። እሪያዎቹ ተጋፍተው ባሕር ገቡ። አብተው ላብ አጠመቀው። በእኔ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው የሆነው፣ ከእሪያው ወጥቶ ልጄ ላይ ገባ አለ። እንዲህ ብሎ ካሰበ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግልጽ የሆነ መሰለው። በሽታ አይደለም፣ ቅጣት ነው። ቅጣት ከሆነ ደግሞ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ነፍስ አባት ነው። አቤት የሰው ልጅ! የሚከብደውን በር ላለማንኳኳት ሲል የሚቀለውን በር እንዴት አድርጎ ቅዱስ እንደሚያደርገው!

የነፍስ አባቱ መምሬ ገብረወልድ ደግ አዛውንት ናቸው። አብተው ከእግራቸው ሥር ወድቆ አለቀሰ።

"አባቴ፣ እሪያ በላሁ። ዓርብ ቀን፣ ረቡዕ ቀን በላሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

መምሬ ከወደቀበት አነሱት። "ተገድደህ ነው ልጄ፣ ወይስ ወድደህ?"

"ማረዱን ተገድጄ። መብላቱን ወድጄ።"

"መናዘዝህ መልካም። ወደዚያ ጓሮ ዳግመኛ እንዳትሄድ። አርባ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ስገድ። በአርባኛው ቀን ና፣ እፈታሃለሁ። ይህን ለማንም አታውራ፤ በአንተና በአምላክህ መካከል ያለ ነው።"

ልጁ መታመሟን መምሬ ያውቃሉ፣ ጸሎትም ያደርጉላታል። ሐኪሙ ምን ብሎ እንደጠየቀ ግን አብተው አልነገራቸውም። ሊደብቅ ብሎ አይደለም፤ ያን ጊዜ የሐኪሙ ጥያቄ ከነገሩ ውጭ የሆነ መስሎት ነበር።

እየቀለለው ወጣ። ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ከአሳማው እርድ ወጣ፤ የበላዩ ጓድም ቢላ መያዝ የሚችል ሌላ ደሃ አላጣም። መጾሙን ጾመ፣ መስገዱን ሰገደ። አሰለፈች ለልጃቸው የሚሰግድ መስሏት አብራው ትነሳ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ቀናት ወርቄ አልወደቀችም። ክኒኑ ነው ያቆመላት፤ አብተው ግን ስግደቱ ነው አለ። በልቡ ደስታ ሞላ፤ እንዲያውም ስግደቱን ከአርባ አንድ ወደ ሰማንያ ከፍ አደረገው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ወጣ።

በሃያኛው ቀን ወርቄ መጽሐፍ ስታነብ ፊደሉ ተጋጨብኝ አለች። በሃያ አምስተኛው ግድግዳ ላይ ያለችው ሥዕለ ማርያም ሁለት ሆነችብኝ አለች። ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ ጭንቅላቷን በነጠላ አስራ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። መርፌውን በየቀኑ ትወጋለች፣ የሚለወጥ ነገር የለም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አብተው ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። ለሐኪሙ ልንገረው ብሎ ነው የወጣው። ዘበኛው በኦሮምኛ "አካም ጅርታ ጋሼ" ብሎ ሰላም አለውና "ማንን ይፈልጋሉ?" አለው። ዶክተር ጉተማን ሊል ሲል ያቺ የእድር ነርስ ከግቢው ብቅ አለችና ከሩቅ እጅ ነሳችው። አብተውም እጅ ነስቶ፣ ዝም ብዬ ሳልፍ ነው ብሎ ተመለሰ። መንገዱን በሙሉ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ፣ ዘጠኝ ቀን ብቻ፣ ሲፈቱኝ እሷም ትፈታለች እያለ ነበር። ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ገበያ ሰው ይከራከር ነበር፤ ይህን በኋላ ሲያስታውስ ራሱን በጥፊ መታው።

አርባኛው ቀን ነሐሴ ውስጥ ዋለ። ጠዋት መምሬ ገብረወልድ ዘንድ ሲሄድ፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። ነፍሱ እንደ ታጠበ ልብስ ቀልላለት ወደ ቤቱ ሲመጣ ከመንገድ ጩኸት ሰማ። ወርቄ ወድቃለች፤ አንዱ መንፈራገጥ ሳያቆም ሌላው ይተካል። ጋሪ ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሷት።

ዶክተር ጉተማ መንፈራገጡን በመርፌ አቆመው። ከዚያ በትንሽ ባትሪ ዓይኗን ውስጡን አየ፤ ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

"ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ግፊት የዓይኗን ጅማት እየገደለው ነው" አለ። "ይህ የቲቢ አካሄድ አይደለም። እኔ አንድ የጎደለኝ ነገር አለ።"

አብተው ያን ጊዜ ነርሷ ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ ቃሬዛ የያዙት የሰፈር ሰዎች ፊት ተናገረ። "እኔ ነኝ ዶክተር። አሳማ አርድ ነበር፣ እበላም ነበር። ሩዙን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ሲጠይቁኝ አውቀው ነበር።" እንባው እየወረደ፣ "ግን እሷ አልበላችም! በቅዱስ ገብርኤል እምላለሁ፣ አንድም ቀን አልበላች። እንዴት ነው የእኔ በእሷ የወጣው?"

ዶክተር ጉተማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቢጮህበት ለአብተው ይቀለው ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ መምህር አስረዳው።

"የበሬው ኮሶ የበላውን ሰው ነው የሚያስቸግረው። ኮሶ ይጠጣል፣ ትሉ ይወጣል፣ አለቀ። የአሳማው ሌላ ነው። እርስዎ ያልበሰለ ሥጋ በሉ፣ ትሉ ሆድዎ ውስጥ አደገ። እንቁላሉ ከእርስዎ ጋር ይወጣል፣ ዓይን አያየውም። ያንን እንቁላል ሌላ ሰው ሲውጠው ትል ሆኖ ሆዱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሥጋው ውስጥ ይበተናል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ያ ሰው አሳማ ሸትቶት ባያውቅም።"

"እንዴት ይውጠዋል?"

"በእጅ። ሽንት ቤት ገብቶ በሳሙና ባልታጠበ እጅ።"

አብተው እጆቹን አየ። ኮሶ ጠጥቶ ሲመላለስ የዋለባቸው ቀናት አንድ በአንድ መጡበት። ሲያሽረው እናቷ ምሳ ታቀርባለች፣ ወርቄ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች። እሱም ካለችው ሁሉ ደህና ደህናዋን ጠቅልሎ፣ "አባቷን የምትወድ ልጅ አፏን ትከፍታለች" ይላታል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ እያፈረች ትከፍታለች። አንዱ ጉርሻ ያጣላል ይልና ሁለተኛውን ይደግማል። እንዲህ ነበር ልጁን የሚወደው።

ዶክተር ጉተማ በማግስቱ ወርቄን በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላካት። እዚያ ግፊቱን አስቀነሱላት፣ መድኃኒቱንም ከውጭ አስመጥተው ሰጧት፤ ለአብተውም ሆዱን የሚያጠራለት ሰጡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ናዝሬት ሆስፒታል ተመልሳ ተኛች። መጣሉ ቆሟል፣ ራስ ምታቱ ለቋታል። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ባትሪውን አብርቶ "ይታይሻል?" ሲላት "ምኑ?" አለችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም።

ያን ዕለት መምሬ ገብረወልድ ሊጠይቋት መጡ። አብተው ኮሪደር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፤ የራጁን ነገር፣ የሐኪሙን ጥያቄ፣ እሱም የመለሰውን። አሰለፈች አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ሽማግሌው መስቀላቸውን ጨበጡ።

"ሐኪሙ እንደጠየቀህ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም ልጄ?" አሉት። "እጅህን ይዤ እኔው እወስድህ ነበር። ስግደቱ ይደርስ ነበር'ኮ።" ወርቄን ባርከው ሄዱ።

አሰለፈች ባሏን ካናገረችው ሦስት ሳምንት አልፏታል። አሁን ቀና አለች።

"መቼ ነው ለመምሬ የነገርካቸው?"

"ያኔ... ራጁን ባየን በሳምንቱ።"

"ያን ጊዜ ወርቄ ታነብ ነበር" አለች አሰለፈች። አልጮኸችም። "እኔ ለልጄ ብለህ የምትሰግድ መስሎኝ ወገቤ እስኪቆረጥ አብሬህ ሰገድኩ። አንተ ለራስህ ነበር የምትሰግደው። አንተስ ተፈታህ አብተው። እሷን ጨለማ አስገብተህ ነው የተፈታኸው።"

እድርተኛው፣ ቄራው፣ ቢላው፣ ስሙ፣ አብተው የፈራላቸው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሄደዋል፤ ሲሄዱ ግን የፈራቸውን ያህል አልከበዱትም። ዝም ያለው ለእነዚህ ነበር።

ከክፍሉ ውስጥ ወርቄ ተጣራች። "አባዬ! እዚያ ነህ? ሽንት ቤት ልሄድ ነው፣ እጅህን ስጠኝ።"

አብተው ወደ በሩ ተራመደና ቆመ። እጁን አየ። ተመልሶ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለችው መታጠቢያ ሮጦ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ። ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ውሃ አልነበረም። እጁን በኮቱ፣ በሱሪው፣ ደግሞ በኮቱ እየጠረገ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወርቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ አየሩ ዘርግታለች።

"አባዬ?"

"አለሁ" አላት ካለበት ሆኖ።

አሰለፈች ከአግዳሚው ተነሳች፣ በአጠገቡ አልፋ ገባችና የልጇን እጅ ያዘች።